ሠራተኛ ክሬን ላይ የሚወጣው መቼ ነው?

እ.ኤ.አ. ጥር 6 ቀን 2011፣ ገና ሳይነጋ፣ በደቡብ ኮሪያዋ የወደብ ከተማ ቡሳን አንዲት የ50 ዓመት ሴት የሃንጂን መርከብ ግንባታ ግቢ ገብታ ክሬን ቁጥር 85 ላይ ወጣች። ስሟ ኪም ጂን ሱክ ይባላል። ከመሬት 35 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው የክሬኑ መቆጣጠሪያ ክፍል ሰው እጁን ዘርግቶ የማይዞርባት ጠባብ ነገር ናት። ኪም ከዚያች ክፍል የወረደችው በዚያው ዓመት ኅዳር 10 ነው፤ በ309ኛው ቀን። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች፣ የአገራችን አዋጅ ቁጥር ካልሆነ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነብ ከቀኑ ብዛት ይልቅ ሌላ ነገር ነው ያስደነገጠኝ። ኪም በዚያን ጊዜ የድርጅቱ ሠራተኛ አልነበረችም። ከዚያ ግቢ የተባረረችው በ1986 ነው። ክሬኑ ላይ የወጣችው በሌሎች ሰዎች ቅነሳ ምክንያት ነው፤ ስማቸው ዝርዝር ውስጥ ለገባ፣ አብዛኞቹም እሷ ስትባረር ገና ላልተቀጠሩ ሠራተኞች።

ኪም የተወለደችው በጋንግዋ ደሴት ነው። በልጅነቷ ልብስ ፋብሪካ ሠርታለች፤ የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭም ሆናለች። በ1981 በዚያው የመርከብ ግቢ በብየዳ ሥራ ተቀጠረች። በኮሪያ የመጀመሪያዋ ሴት በያጅ ናት ይሏታል። ያኔ አገሪቱ በወታደራዊ መንግሥት ሥር ነበረች። በ1986 ለሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ሆና ተመረጠች፤ ማኅበሩ የአለቆች እንጂ የሠራተኛው እንዳልሆነ የሚናገር ወረቀት በተነች። ከዚያ በኋላ የሆነውን የኛ አገር ሰው ሳይነገረው ይገምተዋል። ፖሊስ እየመጣ ወሰዳት፣ ተመረመረች፣ ተደበደበች፣ በመጨረሻም የስንብት ደብዳቤ ተሰጣት።

እሷ ከተባረረች በኋላ፣ በ1987፣ እዚያ ግቢ የሆነ ነገር አለ። ሠራተኞቹ መመገቢያ አዳራሽ አልነበራቸውም። ድርጅቱ የሚያድለውን የምሳ ሣጥን ብረትና አቧራ መሀል ቁጭ ብለው ነበር የሚበሉት፤ ሩዙ ውስጥ የአይጥ ኩስ ይገኝበት እንደነበር ኪም ራሷ ደጋግማ ተናግራለች። አንድ ቀን ሁሉም ምሳውን አንበላም አሉ። ድንጋይ አልወረወሩም፣ በር አልዘጉም፤ ሣጥኑን ብቻ መለሱ። የሠራተኛ ትግል ሲባል እሳትና ጭስ ብቻ የሚታየው ሰው ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል። ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ምሳ አልበላም ሲል ያለው ጉልበት ከየትኛውም ድንጋይ ይበልጣል። መመገቢያ አዳራሽም ተሠራላቸው።

ታዲያ ምሳ በመመለስ መልስ ያገኙ ሰዎች ምን ቢደርስባቸው ነው ክሬን ላይ የወጡት?

መልሱ ከ2003 ይጀምራል። ግቢው ከ1989 ጀምሮ የሃንጂን ቡድን ንብረት ሆኗል። በ2003 የማኅበሩ ሊቀ መንበር ኪም ጁ ኢክ ቅነሳውንና በማኅበሩ መሪዎች ላይ የተከፈተውን የካሳ ክስ በመቃወም እዚያው ክሬን ቁጥር 85 ላይ ወጣ። 129 ቀን ቆየ። ሊያነጋግረው የመጣ ኃላፊ አልነበረም። በ129ኛው ቀን ክሬኑ ላይ ሕይወቱን አጠፋ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ክዋክ ጄ ግዩ የተባለ ሌላ ሠራተኛም ሞተ። ድርጅቱ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውና ቅነሳውን የተወው ከሁለቱ ሞት በኋላ ነው። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ያ ድርድር ከ129 ቀን በፊትም ሊደረግ ይችል ነበር። ገንዘቡ ያው፣ ሰዎቹ ያው፣ ጠረጴዛውም ያው ነበር።

ኪም ጂን ሱክ ከጓደኛዋ ሞት በኋላ ለስምንት ዓመት የቤቷን ማሞቂያ አላበራችም። የቡሳን ክረምት ከባሕር በሚነሳ ንፋስ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። እሱ ብርድ ላይ ሞቶ እኔ ሞቆኝ አልተኛም ነው ነገሩ። ይህን የሚያውቅ ሰው በ2011 ለምን ሌላ ክሬን ሳይሆን ያንኑ ክሬን እንደመረጠች አይጠይቅም።

በ2010 መጨረሻ ሃንጂን 400 ሠራተኛ እንደሚቀንስ አስታወቀ። ምክንያቱ የትእዛዝ መጥፋት ነው ተባለ። እውነትም ቡሳን ውስጥ አዲስ ትእዛዝ ጠፍቶ ነበር፤ ግን ድርጅቱ በፊሊፒንስ ሱቢክ ቤይ ጉልበት የሚረክስበት ግዙፍ ግቢ ከፍቶ ነበር፣ ትእዛዙም እየሄደ የነበረው ወደዚያ ነው። በየካቲት 2011 የስንብቱ ደብዳቤ ለ170 ያህል ሠራተኞች ደረሰ፣ የግቢው በርም ተዘጋ። በዚያው ሰሞን ለባለአክሲዮኖች 17.4 ቢሊዮን ዎን (የኮሪያ ገንዘብ ነው) የትርፍ ድርሻ ተመደበ። እኔ የኢኮኖሚ ባለሙያ አይደለሁም፤ ትእዛዝ የጠፋበት ድርጅት ሰው መቀነሱ የግድ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለም አውቃለሁ። ግን በአንድ እጅ ትርፍ እያከፋፈሉ በሌላው እጅ የሰውን የእንጀራ ገመድ መበጠስ ችግር አይባልም። ምርጫ ነው።

ፍርድ ቤትም የየራሱን አለ። ኪም ከክሬኑ እንድትወርድ፣ ካልወረደች ደግሞ በቀን 1 ሚሊዮን ዎን እንድትከፍል ታዘዘች። ከላይ ሆና ቀኑም ዕዳውም አብሮ ይቆጠርባት ነበር።

ስለ ከፍታው ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚይዘኝ ግን ገመዱ ነው። ምግብ፣ ውሃ፣ ልብስ፣ መድኃኒት፣ ሁሉም ከታች በገመድ ታስሮ ይሳባል። ቆሻሻው፣ የሽንት ቤቱ ነገር ሳይቀር፣ በዚያው ገመድ ይወርዳል። በየቀኑ አንድ ሰው ከታች ቆሞ ምግብ ያስራል፣ አንድ ሰው ባልዲ ይቀበላል። ይህ ለ309 ቀን ነው። ኤሌክትሪክ ሲቆረጥባት ለስልኳ ባትሪ የሚላከው በገመዱ ነው፤ በዚያ ስልክ ትዊተር ላይ ትጽፋለች፣ ከመላ አገሪቱ ሰው ይመልስላታል። ሰላጣና ትንንሽ ቲማቲም እዚያ ላይ ተክላ አሳድጋለች። ብረት ላይ፣ ባሕር ንፋስ መሀል፣ አፈር በገመድ አስመጥታ! ይህን ሳስብ አንጀቴን ይበላኛል። ሞት የለመደው ክሬን ላይ ነው እኮ የተከለችው።

ሰኔ 27 ቀን የማኅበሩ ቅርንጫፍ አመራር ከድርጅቱ ጋር ተፈራርሞ አድማው ማብቃቱን አስታወቀ። በሕግ አስከባሪዎች ታጅበው ሠራተኞቹ ከግቢው ተጎትተው ወጡ። ኪም አልወረደችም፤ ጥቂት ጓዶቿም ከክሬኑ ወገብ ላይ ቀሩ። ከታች ገመዱን የሚይዝ ሰው ሊጠፋ የደረሰበት ሰዓት ይህ ነበር።

ያዳናት ከዚያ ቀደም ብሎ የተጀመረው የተስፋ አውቶቡስ ነው። ሐሳቡን ያመነጨው ሶንግ ክዩንግ ዶንግ የተባለ ገጣሚ ነው። ነገሩ ቀላል ነው፤ አውቶቡስ እንከራይ፣ ቡሳን ሄደን ከታች ቆመን እጃችንን እናውለብልብላት። ሰኔ 11 የመጀመሪያዎቹ አውቶቡሶች በሌሊት ደረሱ፤ ከግቢው አጥር ላይ መሰላል ወረደላቸው፣ ተሻግረው ገቡ። ሐምሌ 9 ለሁለተኛ ጊዜ ሲሄዱ 10,000 ያህል ሰው ሆነዋል። ተማሪ፣ መነኩሴ፣ ልጅ የታቀፈች እናት፣ ከሌላ ድርጅት የተባረረ ሠራተኛ፣ ሁሉም ነበሩበት። ዝናብ ይዘንባል። ፖሊስ መንገዱን በአውቶቡስ አጥሮ አስለቃሽ ኬሚካል የተቀላቀለበት ውሃ ረጨባቸው። ወደ ክሬኑ ሳይደርሱ መንገድ ላይ አደሩ፣ ግን አልተመለሱም፤ በቀጣዮቹ ወራትም ደጋግመው ሄዱ። ነሐሴ ላይ የድርጅቱ ሊቀ መንበር ቾ ናም ሆ ፓርላማ ፊት ቀርቦ ተጠየቀ። በኅዳር ደግሞ ገጣሚው ታሰረ።

እኔ በበኩሌ ከዚህ ታሪክ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለእነዚህ ሰዎች ነው። በሌላ ሰው ቅነሳ ምክንያት ሌሊቱን ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ የሚሄድ ሰው ባይኖር 2011 የ2003ን መንገድ ይሄድ ነበር።

ይህን ነገር ከራሴ ሕይወት ለይቼ ማየት አልቻልኩም። አሜሪካ ኢትዮጵያን ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ከአጎዋ፣ ምርታችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ ስታስወጣ እኔ የምሠራበት የልብስ ፋብሪካ ትእዛዙ እየሳሳ ሄደ። አንድ ቀን ጠዋት የተቀናሾች ስም ዝርዝር ሰዓት መፈረሚያው አጠገብ ተለጥፎ ጠበቀን። ሰው ተጋፍቶ በጣቱ ስም ይፈልጋል። ከኔ መስመር ከፊቴ የምትሰፋ አንዲት እናት ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «ወንድሜ፣ እስኪ የኔን ስም እይልኝ፣ ዛሬ ዓይኔ አልይዝ አለኝ» አለችኝ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ነበረች። እኔም እዚያው ገጽ ላይ፣ ከሷ በታች።

ከዚያ በኋላ የነበረው ሁሉ ወረቀት ነው። ክሊራንስ ተሰጠን፤ መጋዘን አስፈርም፣ ካፌ አስፈርም፣ ፋይናንስ አስፈርም። መቀስና መለኪያ ሜትር መለስን። ሰው ኃይል ቢሮ በር ላይ ተሰልፈን እያንዳንዳችን በየተራ ገብተን ወጣን። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቅነሳ ሲኖር አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞች ተወካዮች ጋር መመካከር እንዳለበት ይናገራል። ማኅበር አልነበረንም። ሊያቋቁሙ የሞከሩ ልጆች ከዓመት በፊት ወደ ሌላ ክፍል እየተዘዋወሩ፣ ከዚያም አንድ በአንድ እየለቀቁ አልቀዋል። አድማም ቢሆን በሕጉ ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ ማሳወቅ ይጠይቃል፤ እኛ ደግሞ 10 ቀን ቀርቶ በነጋታው ግቢ መግቢያ ባጅ አልነበረንም። የቤት ኪራይ የሚጋሩት ልጃገረዶች አብዛኞቹ በሳምንቱ ወደየአገራቸው ገቡ።

በወቅቱ ከውጭ ሆነው ያዩን ሰዎች «የኛ ሠራተኛ ጨዋ ነው፣ አይረብሽም» ብለው ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ይህ አባባል ያመኛል። ዝምታችን ጨዋነት አልነበረም። አንዲት ሴት በድንገት ግቢው ውስጥ ካለው የውሃ ታንከር ላይ ብትወጣ ምግብ አስሮ የሚልክላት አንድም የተደራጀ ሰው ከታች አልነበረም። ኪም ጂን ሱክ 309 ቀን የቆየችው ከኛ ይልቅ ቁጡ ስለሆነች አይመስለኝም። የምሳ ሣጥን አብረው የመለሱ ሰዎች ነበሯት።

ከፍታ ላይ ወጥቶ መቃወም ኮሪያ ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም። በግንቦት 1931፣ አገሪቱ በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር እያለች፣ ካንግ ጁ ርዮንግ የተባለች የጎማ ጫማ ፋብሪካ ሠራተኛ በፒዮንግያንግ ኡልሚልዴ የሚባለው ጥንታዊ ሰገነት ጣሪያ ላይ ወጣች። ፋብሪካዋ የሴቶቹን ደመወዝ ሊቀንስ ነበር፤ 49ኙ ሠራተኞች አድመው ነበር፤ በሌሊት ከግቢው ተባረሩ። ስለዚህ ወጣች፣ ሲነጋ ለተሰበሰበው ሕዝብ ከጣሪያው ላይ ተናገረች። በዓመቱ ሞተች። ከሷ እስከ ኪም ጂን ሱክ 80 ዓመት ነው፤ ግቢው ከተዘጋበት በኋላ ወደ ላይ የመውጣቱ ነገር ግን ያው ነው።

ሌላም መንገድ ተሞክሯል። በ2009 ፒዮንግቴክ ከተማ የሳንግዮንግ ሞተር ሠራተኞች 2,646 ሰው ሊቀነስ መሆኑን ሲሰሙ ፋብሪካውን ይዘው ለ77 ቀን ተቀመጡ። በመጨረሻ የተሰባሰቡት ቀለም የሚቀባበት ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ተቀጣጣይ ነገር የሞላበት ስለሆነ ፖሊስ በቀላሉ አይደፍረውም ብለው። ውሃና ጋዝ ተቆረጠ። ሄሊኮፕተር ከላይ አስለቃሽ ፈሳሽ ያወርዳል፤ እነሱም ከታች በወንጭፍ ብሎን ይወነጭፋሉ። ነሐሴ 6 አለቀ። ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ በዚያው በ2009 ሠራተኞች አለቆችን ቢሮ ውስጥ ማገት ጀምረው ነበር፤ ግሬኖብል በሚገኘው የካተርፒላር ፋብሪካ ከ700 በላይ ሰው ሊቀነስ ነው ሲባል አራት ኃላፊዎች አንድ ሌሊት ከቢሯቸው እንዳይወጡ ተደርገዋል።

ስለ እነዚህ ምን እንደማስብ መናገር አለብኝ። ሰው ማገት አልደግፍም፤ የታገተውም ሰው ቤቱ የሚጠብቀው ልጅ አለው። ወንጭፉንም አልወደውም። ግን ውሃ የተቆረጠበትን ሰው ወንጭፍ ብቻ እያነሱ ሄሊኮፕተሩን የሚረሱ ሰዎች ያናድዱኛል። በኅዳር 2022 የኮሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ፖሊስ በሄሊኮፕተር ከሕግ ውጭ ሲያጠቃ ሠራተኞቹ ያደረጉት መከላከል ራስን የመጠበቅ ተግባር ሊሆን እንደሚችል ወስኗል። ውሳኔው የመጣው ከ13 ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ከሳንግዮንግ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው መካከል 30 ያህል ሰው በሕመምና ሕይወትን በማጥፋት አልቋል።

ከዱላውም ከእስሩም በላይ ሰውን የሚገድለው የካሳ ክስ ነው ብዬ አምናለሁ። አድማው ካለቀ በኋላ ድርጅትና ፖሊስ «ኪሳራ አድርሳችሁብናል» ብለው ማኅበሩንና ሠራተኞቹን ይከሳሉ። በሳንግዮንግ ሠራተኞች ላይ የተፈረደው 4.7 ቢሊዮን ዎን ነበር። በወር ደመወዝ የሚኖር ሰው ይህን ከፍሎ አይጨርሰውም፤ የልጁ ልጅም አይጨርሰውም። ደመወዙ ይታገዳል፣ ቤቱ ይታገዳል። ኪም ጁ ኢክ በ2003 ክሬን ላይ ሳለም ጫንቃው ላይ የነበረው ይኸው ክስ ነው።

በዚህ ላይ የመጣው መልስ ደግሞ ደስ የሚል ነው። አንዲት እናት ስለ ዕዳው ካነበበች በኋላ 47,000 ዎን በፖስታ ለአንድ መጽሔት ላከች። የ4.7 ቢሊዮኑ አንድ መቶ ሺህኛ መሆኑ ነው፤ 100,000 ሰው እንደኔ ቢልክ ዕዳው ያልቃል ማለቷ ነበር። በ2014 ገንዘቡ በቢጫ ፖስታ ይጎርፍ ጀመር። ድሮ ደመወዝ የሚሰጠው በቢጫ ፖስታ ስለነበር ነው ቀለሙ የተመረጠው። ከዚያ ፖስታ አንድ የሕግ ረቂቅ ወጣ። በአድማ ምክንያት በሠራተኛ ላይ የሚቀርብ የካሳ ክስን የሚገድብ፣ ዋናው ድርጅት በሥራ ተቋራጭ በኩል ለሚያሠራቸው ሠራተኞችም ጠረጴዛ ላይ እንዲቀመጥ የሚያስገድድ ሕግ ነው። ፓርላማው ሁለት ጊዜ አጽድቆት በፕሬዚዳንቱ ተመለሰ። በነሐሴ 2025 ግን ጸደቀ።

ወደ ቡሳን ልመለስ። ኪም የወረደችው 94 ሠራተኞች በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲመለሱ፣ ለእያንዳንዳቸውም 20 ሚሊዮን ዎን መተዳደሪያ እንዲከፈል ስምምነት ከተደረሰ በኋላ ነው። ድል ነበር፤ ግን ድሉን አሳምሬ ብቻ ብነግራችሁ ትክክል አይሆንም። በ2012 ሠራተኞቹ ሲመለሱ ወዲያው ሥራ የለም ተብለው ቤታችሁ ተቀመጡ ተባሉ። በማኅበሩ ላይ የ15.8 ቢሊዮን ዎን የካሳ ክስ ነበር። በታኅሣሥ ወር ቾይ ካንግ ሶ የሚባል ወጣት ሠራተኛ በዚያ ክስ ተማርሮ ሕይወቱን አጠፋ። ኪም ራሷ የጡረታ ዕድሜዋ በ2020 መጨረሻ ሲደርስ ገና እንደተባረረች ነበር። ካንሰር እየታከመች ከቡሳን ተነስታ በእግሯ ሶል ድረስ ሄደች፤ ከጥቂት ሰው ጋር ጀምራ ስትደርስ ብዙ ሰው ከኋላዋ ነበር። በየካቲት 2022፣ ግቢው ባለቤት ከቀየረ በኋላ፣ ለክብር ያህል ወደ ሥራዋ መመለሷ ታውጆ በዚያው ቀን ጡረታ ወጣች። የሥራ ልብሷን ለብሳ በዚያ በር ለመግባት 36 ዓመት ጠብቃለች።

አሁንም እየወጡ ነው። ጉሚ ከተማ ውስጥ የጃፓኑ ኒቶ ዴንኮ ንብረት የሆነ ፋብሪካ በጥቅምት 2022 ተቃጠለ፤ ባለቤቱ መልሶ ከመሥራት ይልቅ መዝጋትን መረጠ። ምርቱ ፒዮንግቴክ ወዳለው የራሱ እህት ድርጅት ተዛወረ። በጥር 2024 ፓርክ ጆንግ ሄ ከአንዲት ባልደረባዋ ጋር በተቃጠለው ሕንፃ ጣሪያ ላይ ወጣች። ባልደረባዋ በሚያዝያ 2025 በሕመም ወረደች፤ ፓርክ ብቻዋን ቀጥላ ነሐሴ 29 ቀን 2025፣ በ600ኛው ቀን፣ የመንግሥትና የፓርላማ ሰዎች ጉዳዩን እንይዘዋለን ብለው ቃል ከገቡ በኋላ ወረደች። እስከ መጨረሻው የጸኑት ሠራተኞች ሰባት ናቸው። ጥያቄያቸው ምርታችን ወደ ሄደበት ፋብሪካ እኛንም አዛውሩን የሚል ብቻ ነው። ለሰባት ሰው ቦታ የሚጠፋበት ፋብሪካ አይደለም፤ ሊያነጋግራቸው የሚገባው ባለቤት እነሱን ፊት ለፊት ተቀምጦ እንዲሰማቸው ማስገደድ አሁን የመንግሥቱ ሥራ ነው።